የባሕር ኤሊዎች ተመለሱ ሲባል፦ የዛሬው ዳርቻ ውጤት የሚቆጠረው ከ30 ዓመት በኋላ ነው

በ2025 ኦክቶበር ወር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አቡ ዳቢ ላይ ባካሄደው ጉባኤ አንድ ያልተለመደ ዜና ተሰማ። አረንጓዴው የባሕር ኤሊ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከኖረበት «ለመጥፋት የተቃረበ» ከሚለው መደብ ወጥቶ «እምብዛም የማያሰጋ» ወደሚለው ተዛወረ። ከ1970ዎቹ ወዲህ የዝርያው ቁጥር በዓለም ደረጃ በ28 በመቶ ገደማ እንደጨመረ ነው የተነገረው። የእንስሳትና የዕፅዋትን የመጥፋት አደጋ በየደረጃው በሚያሰፍረው የኅብረቱ ቀይ መዝገብ ላይ የሚደረጉት ለውጦች በአብዛኛው አሳዛኝ ናቸው፤ አንድ እንስሳ በመካከል ያሉትን መደቦች ዘልሎ ወደ ደህናው ወገን ሲሻገር ማየት ብርቅ ነው።

ደስታው የሚገባ ደስታ ነው። ሌሊቱን አሸዋ ላይ ሲያድሩ የኖሩ ጠባቂዎች፣ እንቁላል መሸጥ ትተው እንቁላል መጠበቅ የጀመሩ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች፣ የኤሊ ሥጋና ቅርፊት ንግድን ያገዱ ሕጎች ለሃምሳ ዓመታት የደከሙበት ውጤት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ዜናው የሚነበብበት መንገድ ነው። አንድ እንስሳ «ዳነ» ከተባለ በጀቱን ለመቀነስ፣ ጠባቂውን ለመበተን፣ ታግዶ የቆየውን ዳርቻ ለግንባታ ለመልቀቅ ምክንያት ይገኛል። በባሕር ኤሊ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ያለው ስሕተት ከሌሎች እንስሳት ይልቅ አደገኛ ነው፤ በተሠራበት ጊዜ አይታይምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አረንጓዴ የባሕር ኤሊ ከእንቁላል ወጥታ የመጀመሪያ እንቁላሏን እስክትጥል እንደ አካባቢው ከ20 እስከ 50 ዓመት ሊፈጅባት ይችላል። ዛሬ ሌሊት ወደ ዳርቻ ወጥታ የምትቆጠረው እናት የተፈለፈለችው በ1990ዎቹ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ የእናቶቹ ብዛት የሚመሰክረው በዚያን ዘመን ስለነበረው ዳርቻና ባሕር ነው። ዛሬ የሚበራው መብራት፣ ዛሬ የሚግለው አሸዋ፣ ዛሬ የሚገነባው ግንብ ያመጡት ጉዳት በእናቶች ቆጠራ ላይ የሚወጣው በ2050ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱ ቢታወቅ እንኳ ያልተፈለፈለውን ትውልድ ማንም መልሶ አያስፈለፍለውም።

ሞልቶ እየታየ ያለቀው ዳርቻ

ይህ መዘግየት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለማየት ማሌዢያ ውስጥ፣ ተሬንጋኑ በተባለው ግዛት፣ ራንታው አባንግ የሚባለው ዳርቻ የደረሰበትን ማወቅ ይበቃል። በ1950ዎቹ በዚያ ግዛት ጠረፍ በዓመት 10 ሺህ ገደማ የሌዘርባክ ኤሊ የእንቁላል ጉድጓዶች ይቆጠሩ ነበር። ሌዘርባክ ከባሕር ኤሊዎች ሁሉ ግዙፏ ናት፤ ጀርባዋ በጠንካራ ቅርፊት ፈንታ በወፍራም ቆዳ የተሸፈነ ነው፣ ክብደቷም ብዙ ጊዜ ከ300 ኪሎ ይበልጣል። ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው እርሷን ለማየት ይጎርፍ ነበር። እንቁላሏ ግን ለአሥርት ዓመታት፣ ከሞላ ጎደል ተጠራርጎ፣ እየተለቀመ ገበያ ይወጣ ነበር።

እናቶቹ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ያደገች ኤሊ ብዙ ዓመት ስለምትኖር፣ የሚተካት ትውልድ ባይኖርም ዳርቻው ሞልቶ ይታያል። ለቃሚው፣ ሻጩ፣ ባለሥልጣኑ ሁሉም በየዓመቱ የሚያዩት የሞላ ዳርቻ ነበር፤ «እንቁላሉ ቢለቀምም ኤሊው አልጎደለም» ለማለት ማስረጃው ዓይናቸው ሥር ነበር። በኋላ አሮጌዎቹ በዕድሜ ሲያልቁ፣ በዓሣ መረብም እየተጠለፉ ሲሞቱ፣ ከኋላቸው የሚመጣ ጠፋ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጉድጓዶቹ ቁጥር ከመቶ በታች ወረደ። ዛሬ ሌዘርባክ በዚያ ዳርቻ መውጣቷን ያቆመች ያህል ነው።

አንጀት የሚያላውሰው ደግሞ የመከላከል ጥረት ጨርሶ አለመቅረቱ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተወሰነው እንቁላል ወደ ተከለለ ማስፈልፈያ እየተወሰደ ይቀበር፣ ጫጩቶቹም ወደ ባሕር ይለቀቁ ነበር። ሆኖም የሚድነው እንቁላል ከሚለቀመው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር። በዚያ ላይ ማስፈልፈያው ፀሐይ የሚያገኘው፣ የጋለ አሸዋ ነበር፤ በጋለ አሸዋ የሚፈለፈሉ የባሕር ኤሊዎች ደግሞ ሴቶች ብቻ ይሆናሉ። ለዓመታት በቅን ልብ የተለፋበት ሥራ ወንድ የሌለበት ትውልድ ሲያፈራ ቆየ።

አሸዋው ላይ የሚሆነው

እናት ኤሊ ከባሕር የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ ነው። ውኃ ውስጥ ክብደቷ አይሰማትም፤ አሸዋው ላይ ግን መቅዘፊያ በሚመስሉት የፊት እግሮቿ ሰውነቷን እየጎተተች፣ በየጥቂቱ እየቆመችና እየተነፈሰች ነው የምትወጣው። በዚህ ሰዓት ፊት ለፊቷ ሰው ቢንቀሳቀስ፣ የእጅ ባትሪ ቢበራ ወይም ለእንግዳ የተደረደረ የመዝናኛ ወንበር መንገዷን ቢዘጋባት፣ እንቁላሏን ሳትጥል ወደ ውኃው ትመለሳለች። የሚያውካት ከሌለ፣ መጀመሪያ በፊት እግሮቿ ደረቁን አሸዋ ጠርጋ ሰውነቷ የሚያርፍበት ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ ታበጃለች። ከዚያ ሥራው የኋላ እግሮቿ ነው። አንዱ እግር ታጥፎ ይገባል፣ አሸዋ ዝቆ ይወጣል፣ አሸዋውን ቀስ ብሎ ወደ ጎን ያኖራል፤ ተራው የሌላኛው ይሆናል። የምትቆፍረውን አታየውም። በመዳሰስ ብቻ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚጠልቅ፣ አንገቱ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ጉድጓድ ታዘጋጃለች። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያካክሉ፣ ልጣጫቸው ለስለስ ያለ እንቁላሎች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ይወርዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ መቶ ገደማ ይደርሳሉ። በዚህ ጊዜ ከዓይኗ ወፍራም እንባ ይወርዳል፤ በሰውነቷ የተጠራቀመውን ጨው የምታስወጣው በዚያ ነው። ስትጨርስ ትደፍናለች፣ በሆዷ ትጠቀጥቃለች፣ ጠላት ቦታውን እንዳይለየው ዙሪያውን አሸዋ ትበትናለች። በአንድ የመራቢያ ወቅት ይህንኑ በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት ደጋግማ ትሠራዋለች፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ላትመለስ ትችላለች።

ስትመለስ ወደተፈለፈለችበት ዳርቻ ወይም ወደ አካባቢው ነው። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲው ኬነት ሎህማንና ባልደረቦቹ ለዓመታት ባደረጉት ምርምር፣ ኤሊዎች የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ እንደሚለዩና የትውልድ ጠረፋቸውን ልዩ ምልክት በልጅነታቸው ይዘው እንደሚሄዱ የሚያሳይ ማስረጃ አቅርበዋል። እንግዲህ አንድ ጠረፍ በሙሉ ከተበላሸ በኋላ «ሌላ ቦታ ይፈልጉ» ማለት ለእነርሱ መፍትሔ አይሆንም።

እንቁላሉ አሸዋው ሥር ሁለት ወር ገደማ ይቆያል። ጫጩቶቹ ልጣጩን ሰብረው እንደወጡ ወዲያው ብቅ አይሉም፤ ለጥቂት ቀናት በጋራ ጣሪያውን እየናዱ፣ የተናደውን እየረገጡ ወደ ላይ ይጓዛሉ። ከገጹ ሲቃረቡ አሸዋው ትኩስ ከሆነ ይቆማሉ። ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ሲመሽ፣ በአንድነት ይወጣሉ። የአረንጓዴው ኤሊ ጫጩት 25 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሆዱ ውስጥ የቀረችው አስኳል ስንቁ ናት፤ በእርሷ ብርታት ዳርቻውን አቋርጦ፣ አንድ ቀን ያህል ያለማቋረጥ ዋኝቶ፣ አዳኝ ዓሣ ከሚበዛበት ጥልቀት የለሽ ውኃ መራቅ አለበት። መንገድ ላይ የባከነ ጉልበት ሁሉ ከዚያች ስንቅ ይቀነሳል።

መብራቱን ማጥፋት

ጫጩቱ ባሕሩን የሚያገኘው በብርሃን ነው። ሰው ሠራሽ መብራት በሌለበት ዳርቻ፣ ሌሊት ዝቅ ብሎ የሚታየው ብሩህ አድማስ የባሕሩ ነው፤ የከዋክብትና የጨረቃ ብርሃን ውኃው ላይ ያርፋል። በስተጀርባ ያለው ቁጥቋጦና የአሸዋ ክምር ጥቁር ነው። «ከጥቁሩ ሽሽ፣ ወደ ብሩሁ ሂድ» የሚለው ደመ ነፍስ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት አላሳሳተውም። ዛሬ ከአሸዋው ጀርባ መንገድ አለ፣ ሆቴል አለ፣ በረንዳ ላይ ሲበራ የሚያድር አምፖል አለ። ጫጩቱ ወደዚያ ይዞራል። አስፋልት ላይ ይወጣል፣ ፍሳሽ ማውረጃ ውስጥ ይገባል፣ ቁጥቋጦ ሥር ይርመሰመሳል፣ ስንቁን ይጨርሳል። ፀሐይ ስትወጣ ውኃ ጥሙ ይገድለዋል።

ዳርቻ የሚጠብቁ ሰዎች ይህን ጎሕ ሲቀድ በአሸዋው ላይ ያነቡታል። ከደህና ጉድጓድ የሚነሱት ጥቃቅን ዱካዎች ጠባብ ማራገቢያ ሠርተው በቀጥታ ወደ ውኃው ይወርዳሉ። መብራት ካሳሳተው ጉድጓድ የሚነሱት ይጠማዘዛሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ እርስ በርስ ይቆራረጣሉ፣ በመጨረሻም ወደ መንገዱ ያመራሉ። የአምፖሉ ባለቤት በዚያ ሰዓት ተኝቷል፤ ማንንም ሊጎዳ አስቦ አያውቅም።

ከአደጋዎቹ ሁሉ በዚህኛው ላይ ነው ከሁሉ በላይ ቁጭት የሚሰማኝ፣ መፍትሔው የታወቀና ርካሽ ስለሆነ። አምፖሉ ዝቅ ይላል፤ ብርሃኑ ወደ ምድር ብቻ እንዲወርድ ይጋረዳል፤ ነጩ በቢጫ ብርቱካናማ ወይም በቀይ ይተካል። የኤሊ ዓይን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃንን አጥብቆ የሚያይ ሲሆን የሞገድ ርዝመቱ ከ560 ናኖሜትር ለሚበልጠው፣ ማለትም ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ለሚያደላው ብርሃን ያለው ስሜት ደካማ ነው። የማያስፈልገው መብራት በመራቢያው ወቅት ከነአካቴው ይጠፋል። ፍሎሪዳ ውስጥ ብዙ የጠረፍ አውራጃዎችና ከተሞች ይህንን በአካባቢ ሕግ ደንግገው በሚያስፈጽሙበት ጠረፍ በ2023 ከ133 ሺህ በላይ የሎገርሄድ (ሌላ የባሕር ኤሊ ዝርያ ናት) እና ከ76 ሺህ በላይ የአረንጓዴ ኤሊ ጉድጓዶች ተቆጥረዋል፤ ለሁለቱም ዝርያዎች በግዛቲቱ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ቁጥር ነበር። ውጤቱ የመብራት ደንቡ ብቻ አይደለም። ብዙ ሕዝብ በሰፈረበት፣ ቱሪስት በሚጎርፍበት ጠረፍም ኤሊ መራባት እንደምትችል ግን ያረጋግጣል። ዛሬ በየቦታው የሚገጠመው ነጭ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ሰማያዊ ብርሃን የሚበዛበት ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረገው ለውጥ ዳርቻ ላይ ካልተጠና ጉዳቱን ያባብሳል።

እርዳታው ሲጎዳ

ዳርቻ ላይ ከእንቁላል የወጣ ጫጩት ያየ ሰው አንስቶ ባሕር ውስጥ ሊያኖረው ይፈልጋል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጫጩቱ መንገዱን በራሱ መሄድ ይኖርበታል። አሸዋውን ሲያቋርጥ፣ ማዕበሉን ሲገጥም አቅጣጫውን ያበጃል። ተሰብስበው በባልዲ ወይም በገንዳ እየተያዙ ለጎብኚ ፎቶ እስከ ማግስቱ የሚቆዩ ጫጩቶች ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ገንዳው ውስጥ ሲዋኙ ስንቃቸውን ይጨርሳሉ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚለቀቁ ከሆነ ወፉም ዓሣውም ሰዓቱን ይለምደዋል። ለቱሪስት ትኬት ተቆርጦ የሚደረገው የቀን ልቀት፣ ምንም ያህል በፍቅር ቢደረግ፣ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ።

እንቁላል ማዛወርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንቁላሉ ከተጣለ ጥቂት ሰዓታት ካለፉ በኋላ ፅንሱ ከላይኛው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ እንቁላሉ ቢገላበጥ ፅንሱ ይሞታል። ስለዚህ ጎርፍ የሚደርስበት ወይም ሌባ የማይምረው ጉድጓድ ከሆነ የሚዛወረው እንቁላሉ በወረደበት ሌሊት፣ አቀማመጡ ሳይዛባ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ባለበት መተው ይሻላል። በቀረው ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ማስፈልፈያ እናቲቱ የመረጠችው ቦታ ነው። ውሻ፣ ቀበሮ ወይም ሌላ ቆፋሪ እንስሳ ለሚያስቸግርበት ዳርቻ፣ ጉድጓዱ ላይ ጫጩት ማሳለፍ የሚችል ሰፊ ቀዳዳ ያለው መከለያ ይቀበራል። የብረት ሽቦ መከለያ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ እንደሚያዛባ በጥናት ስለታየ ብረት ያልሆነው ይመረጣል።

ለተራው ጎብኚ የሚቀረው ትንሽ ነገር ነው፤ ማታ ወንበሩን ከአሸዋው ማንሳት፣ ልጆች የቆፈሩትን ጉድጓድ መድፈን፣ ውሻውን ማሰር፣ የስልኩን መብራት ማጥፋት፣ እናት ኤሊ ካጋጠመችው ከኋላዋ ርቆ ዝም ብሎ መቆም።

የአሸዋው ሙቀት

የባሕር ኤሊ ፆታ የሚወሰነው አሸዋው ውስጥ ነው። የእንቁላሉ ሙቀት 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ወንድና ሴት ይቀላቀላሉ፤ ከዚያ ሲወርድ ወንድ፣ ሲወጣ ሴት ይበዛል። ነጥቡ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ጥቂት ይለያያል። በ2018 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ታላቁ ኮራል ሪፍ ከተባለው የአውስትራሊያ የባሕር ውስጥ ዛጎል ድንጋይ ሰንሰለት ሰሜናዊ ክፍል ከሚመጡት አረንጓዴ ኤሊዎች መካከል በዕድሜ ያልደረሱት 99 በመቶው ሴቶች ሆነው ተገኙ። ካደጉት መካከል የሴቶቹ ድርሻ 87 በመቶ ገደማ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት አሸዋው በጊዜ ሂደት እንዴት እየጋለ እንደመጣ ይናገራል። እዚህም ያው የመዘግየት ነገር አለ፤ ሴት መብዛቱ ለጊዜው የእናቶችን ቁጥር ስለሚያሳድግ ዳርቻው እየተሻሻለ የመጣ ሊያስመስለው ይችላል።

ሚዛኑ መዛባቱ በራሱ ወዲያው ጥፋት አያመጣም። አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ይገናኛል፤ ወደ መራቢያው ቦታም ከሴቶቹ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። የከፋው ሙቀቱ 33 እና 34 ዲግሪን እያለፈ ሲቆይ ነው፤ ያን ጊዜ እንቁላሉ ራሱ ይበስላል፣ የሚወጣ ጫጩት ይመናመናል። በአንዳንድ ዳርቻዎች ጉድጓዶቹን በዘንባባ ቅጠል ማጥላት ወይም ውኃ መርጨት ሙቀቱን ያበርዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዳርቻው ጀርባ ያለውን ዛፍና ቁጥቋጦ አለመቁረጥ ነው። ጥላም ይሆናል፣ የከተማውንም መብራት ይጋርዳል፣ አሸዋውንም ይይዛል። እንግዳው ባሕሩን ከክፍሉ ሆኖ እንዲያይ ተብሎ የሚመነጠረው ያው ዛፍ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

አሸዋው ራሱ ደግሞ እየጠፋ ነው። ከታላቁ ኮራል ሪፍ ጫፍ ላይ ያለችው ሬይን ደሴት በዓለም ትልቁ የአረንጓዴ ኤሊዎች መራቢያ ናት፤ በ2019 ዲሴምበር በድሮን በተደረገ ቆጠራ በዙሪያዋ 64 ሺህ ያህል ኤሊዎች ታይተዋል። እናቶቹ በዚህ ብዛት እየመጡ፣ ከውኃው ወለል ብዙም ከፍ ያላለው አሸዋ ከሥር በውኃ እየተጥለቀለቀ እንቁላሉ ይሞት ነበር። የአውስትራሊያ ባለሙያዎች ከባድ ማሽን አስገብተው የዳርቻውን አሸዋ ከፍ አደረጉት፤ ኤሊዎቹ ከድንጋዩ ገደል እንዳይወድቁም አጥር አበጁ። በሃዋይ ደግሞ ዋላካ የተባለው አውሎ ነፋስ በ2018 ኦክቶበር ኢስት አይላንድ የምትባለውን ትንሽ የአሸዋ ደሴት ጠርጎ ወሰዳት። የሃዋይ አረንጓዴ ኤሊዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በሚራቡበት የደሴቶች ክምችት፣ ግማሽ ያህሉ እንቁላል የሚጣለው እርሷ ላይ ነበር። ሕዝብ በሚኖርበት ጠረፍ አደጋው ሌላ መልክ አለው። ባሕሩ መሬቱን ሲበላ ሰው የድንጋይ ግንብ ያቆማል፤ አሸዋው በተፈጥሮው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ሲገባው በግንቡና በማዕበሉ መካከል ተጣብቆ ያልቃል። እናቲቱ ወጥታ ግንቡን ገጭታ ትመለሳለች።

ዳርቻው ብቻውን አይበቃም

ስለ ዳርቻ ይህን ያህል ከጻፍኩ በኋላ የሚከተለውን ካልጨመርኩ አንባቢን አሳስታለሁ። በ1987 ተመራማሪዎቹ ደቦራ ክራውስ፣ ላሪ ክራውደርና ሃል ካስዌል የሎገርሄድን የሕይወት ዘመን በሒሳብ አስልተው አንድ አስደንጋጭ ውጤት አወጡ። እንቁላሉና ጫጩቱ በመጀመሪያው ዓመት አንድም ሳይሞት ቢተርፍ እንኳ ባሕር ውስጥ ያሉት ትልልቅ ኤሊዎች በነበረው ፍጥነት ከሞቱ ቁጥሩ መውረዱን አያቆምም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ ዓመት የተረፈች፣ እንቁላል ለመጣል የተቃረበች ኤሊ በሺህ ከሚቆጠሩ ጫጩቶች የቀረች ናት። ሽሪምፕ የተባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚጠመድበት መረብ አንዷን ሲያሰጥም የብዙ ጉድጓዶች ጥበቃ አብሮ ይሰጥማል።

ኬምፕስ ሪድሊ የተባለችው የባሕር ኤሊ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በ1947 አንድ ሜክሲኳዊ መሐንዲስ በታማውሊፓስ ግዛት ራንቾ ኑዌቮ ዳርቻ ላይ የቀረጸው ፊልም በአንድ ቀን 40 ሺህ የሚገመቱ እናቶች ሲወጡ ያሳያል። የሜክሲኮ መንግሥት ከ1966 ጀምሮ ዳርቻውን አስጠበቀ፤ ቁጥሩ ግን መውረዱን ቀጠለ፣ በ1985 በመላው ወቅት 702 ጉድጓዶች ብቻ ቀሩ። ሁኔታው የተለወጠው መረቡ ሲለወጥ ነው። ሽሪምፕ በሚጎተትበት መረብ ውስጥ ዘንጎች የተደረደሩበት ፍርግርግ ይገጠማል፤ ሽሪምፑ በዘንጎቹ መካከል ያልፋል፣ ኤሊው ግን ፍርግርጉን ገፍቶ ከመረቡ ይወጣል። ይህ መሣሪያ በአሜሪካና በሜክሲኮ ግዴታ ከሆነ በኋላ፣ የዳርቻው ጥበቃም ሳይቋረጥ፣ በ2009 ጉድጓዶቹ ከ20 ሺህ በለጡ። በ2010 ዕድገቱ በድንገት ተገታ፤ ያ ዓመት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ትልቁ የነዳጅ ፍሳሽ የደረሰበት ነው። ዝርያው ዛሬም እጅግ አሳሳቢ በሆነ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዱ ነው።

እንቁላል የሚለቅመው ማን ነው?

ስለ እንቁላል ሌቦች ሲወራ የሚታየኝ ችግር አለ፤ ለቃሚውን ጠላት አድርጎ መጀመር። ብዙውን ጊዜ ለቃሚው የዳርቻው ነዋሪ ነው፣ ኤሊ በየትኛው ጨረቃና በየትኛው ማዕበል እንደምትወጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ብራዚል ውስጥ በ1980 የተመሠረተው ታማር የተባለው ፕሮጀክት ይህን ገና ሲጀመር ተረድቶ የቀድሞ እንቁላል ለቃሚዎችንና ዓሣ አጥማጆችን በደመወዝ ጠባቂ አደረጋቸው። ዕውቀታቸው ሳይባክን ጥቅሙ ተገለበጠ። ኮስታ ሪካ ውስጥ ኦስቲዮናል በሚባለው ዳርቻ ደግሞ ኦሊቭ ሪድሊ የተባሉት የባሕር ኤሊዎች በአሥር ሺዎች ሆነው በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ ስለሚወጡ፣ የኋለኞቹ የፊተኞቹን ጉድጓድ እየቆፈሩ ያበላሹታል። ስለዚህ መንደሩ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተጣለውን እንቁላል በሕግ ይለቅማል፣ በምላሹ ዳርቻውን ያጸዳል፣ ይጠብቃል። አሠራሩ ለዚያ ልዩ ዳርቻ ይሠራል፤ መቶ ወይም ሁለት መቶ እናት ብቻ በሚወጣበት ቦታ ይህን መኮረጅ ጥፋት ነው።

ነጋዴው ሌላ ነገር ነው። በኮስታ ሪካ ተመራማሪዎች በውስጣቸው የመከታተያ መሣሪያ ያለባቸው የውሸት እንቁላሎች ሠርተው በእውነተኛዎቹ መካከል ቀበሩ። በ2020 ባወጡት ጥናት አንደኛው እንቁላል ተሰርቆ 137 ኪሎ ሜትር ወደ መሃል አገር ሲጓዝ ተከታትለውታል። ከዳርቻው ላይ ደሀውን ለቃሚ ከማሳደድ ይልቅ ገዢውንና አከፋፋዩን መያዝ እንደሚቻል ያሳየ ብልህ ሥራ ነው።

አሁን ወደ 2025ቱ ዜና ስንመለስ፣ ያው መዝገብ ሆክስቢል የተባለችውን የባሕር ኤሊና ኬምፕስ ሪድሊን ዛሬም በመጨረሻው የአደጋ ደረጃ አስቀምጧቸዋል፤ አረንጓዴው ኤሊም ቢሆን በአንዳንድ ውቅያኖሶች አሁንም እየቀነሰ ነው። ሬይን ደሴት ላይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የሚወጣው ጫጩት እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ይናገራሉ፤ እናቶቹ ግን አሁንም በብዛት ይመጣሉ። ለዚህ ነው ዳርቻ የሚያስተዳድሩ መንግሥታትና ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች የእናቶችን ቆጠራ ብቻ ይዘው መወሰናቸውን ማቆም ያለባቸው። ከጉድጓዱ ጫጩቶቹ ከወጡ ከቀናት በኋላ የተረፈው ተቆፍሮ ባዶ ልጣጩና ያልተፈለፈለው እንቁላል ይቆጠር፤ በእንቁላሉ ጥልቀት ልክ ርካሽ የሙቀት መለኪያ ይቀበር፤ ወደ ባሕር የወረዱና ወደ መንገድ የዞሩ ዱካዎች በየጠዋቱ ይመዝገቡ። እነዚህ ሦስቱ ዳርቻው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ በዚያው ዓመት ይናገራሉ። የጥበቃው በጀትና የግንባታው ፈቃድ መወሰን ያለበትም በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ ነው።